የሳውዝ ሲዋ ገበሬ

ወይዘሮ አያልነሽ ገበሬ መሆናቸውን የሰሙት ማክሰኞ ጧት፣ ጓሮ ቆመው መፋቂያ ሲሰብሩ ነው። ፊት ለፊት የነገራቸው የለም፤ የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ስለነበር ወሬው ራሱ ወጥቶ መጣላቸው። የእህታቸው ልጅ ሕዝቅያስ ለሚስቱ ለምርቃት ቀስ ብሎ ያስረዳታል። ገበሬዎችን ዛፍ ለሚያስተክለው መሥሪያ ቤቱ ገንዘብ የሚሰጠው ድርጅት ሰው አራት ሰዓት ላይ ከአውሮፕላን ይወርዳል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሌላ አውሮፕላን ይሄዳል፤ በመሀሉ አንድ ገበሬና አንድ የመድኃኒት ዛፍ ማየት አለበት። እውነተኞቹ አምስት መቶ ገበሬዎች ከናይሮቢ የአንድ ቀን መንገድ ርቀው ኮረብታ ላይ ናቸው። እነሱ የሚኖሩበት ሰፈር፣ ሳውዝ ሲ፣ ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ ጓሮው ውስጥም ዛፍ አለ፤ ዛፍ ካለ ገበሬ አይጠፋም። ስለዚህ አክስቱን፣ እቴቴን፣ ገበሬ ብሎ አስመዝግቧታል።

ምርቃት ሴትዮዋ ሐሙስ አገራቸው እንደሚገቡ አስታወሰችው። እሱም እንቅልፍ ያጣበት ይኸው ነበር። በነሐሴ ዛፉን የሚለኩ ሰዎች ይመጣሉ፤ ዛፉ ቆሞ ገበሬዋ ከሌለች ነገሩ ይበላሻል፣ እሱም በመስከረም ወደ ሮም የሚወስደውን ዝውውር ያጣል። ስለዚህ የእቴቴ ቲኬት ወደ መስከረም ይዛወር፤ ያን ጊዜ እነሱም ሮም ይገባሉ፣ እሷም አገሯ ትገባለች። ምርቃት ዌስትላንድስ ካለ የጉዞ ወኪል ቢሮ ስለምትሠራ ቲኬት ማዘዋወር ለሷ አንድ ስልክ መደወል ነው። እንግዳው ይሂድና እደውላለሁ አለች። እንዲህ ያለውን ነገር መስኮት ዘግቶ ማውራት ማንን ይጎዳ ነበር?

ወይዘሮ አያልነሽ መፋቂያውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ቆሙ። ቲኬት ሲዛወርባቸው ያሁኑ አራተኛው ነው። መጀመሪያ የባልና ሚስቱ ልጅ ሕፃኗ ሶፍያ ጥርስ እስክታበቅል ተባለ፤ ቀጥሎ ሠራተኛዋ ስለወጣች ሌላ እስክትገኝ፤ ከዚያ ሶፍያ ትምህርት ቤት እስክትለምድ። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሦስት ዓመት ሆነ። በዚህ ሁሉ አልተቀየሙም፤ ልጅ ነው፣ ቤት ነው፣ ይገባቸዋል። የዛፉ ግን አልገባቸውም። ደብረ ብርሃን ያለው ወንድማቸው ባንታየሁ ዓይኑ እየጠፋ ነው። አንዱ ጨርሶ ጨልሟል፤ ሁለተኛው ከመሀሉ ትንሽ ቀርቶታል፤ ሐኪሞቹም ይህችው እንኳ ክረምቱን እንደምታልፍ አላረጋገጡለትም። በፋሲካ ማግስት ደውሎ፣ መልክሽን ልየውና ከዚያ ይጥፋ አላቸው። ባንታየሁ በሕይወቱ አንድ ነገር ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው። በመስከረም ቢሄዱ ድምፃቸውን ይሰማል እንጂ መልካቸውን አያገኘውም። ይህን እያሰቡም መፋቂያውን አልጣሉትም።

ሕዝቅያስ ወደ ጓሮ ወጥቶ ሲነግራቸው እንዳልሰማ ሆነው ሰሙት። ስለ ቲኬቱ አላነሳም፤ እሳቸውም አላነሱም። በዚህ ቤት ትልልቁ ነገር ሁሉ ሳይነሳ ነው የሚኖረው። ሦስት ዓመት ሙሉ አይተውት የማያውቁ ይመስል ዛፉን አሳያቸው። ኬንያውያን ሙአሮባይኒ ይሉታል፤ አርባ በሽታ ያድናል ይባላል። ወይዘሮ አያልነሽ ከጥርሳቸው በቀር ሌላ ጉዳይ አልነበራቸውም፤ በየጧቱ እጃቸው ከሚደርስበት አንዳንድ ጭራሮ ሲሰብሩ የዛፉ ግራ ጎን ተመልጦ ቀርቷል። ሕዝቅያስ ማስረዳት ጀመረ። በሩቅ አገር ፋብሪካዎች ጢስ ይለቃሉ፤ ዛፍ ከዚያ ጢስ ካርቦን የሚባለውን ስቦ ግንዱ ውስጥ ያከማቻል፤ ባለፋብሪካዎቹ ለተከማቸላቸው ይከፍላሉ፤ ገበሬው ከቅጠሉና ከልጡ መድኃኒት ሽጦ ያገኛል፣ ከጢሱም ያገኛል። "እነሱ ይበላሉ፣ ሌላው ይጾምላቸዋል ማለት ነው?" አሉት። ሕዝቅያስ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ በግምት እንደዚያ ነው አለ። ለአንድ ዛፍ በዓመት ሃያ ሽልንግ ገደማ እንደሚደርስ ሲሰሙ፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ከዚህ ከተማ ድረስ ሠላሳ ስለሆነ ክፍያውን በእግር ሄዶ መቀበል እንደሚሻል ነገሩት። ደግሞስ ዛፉ የአከራያችን የአብዱልፈታ አይደለም ወይ? ሰውዬው ሥሩ የፍሳሽ ቧንቧዬን ሰንጥቆብኛል፣ ዝናቡ ሲያባራ አስቆርጠዋለሁ ሲል አልነበረም ወይ? ሕዝቅያስ እሱን በኋላ እናናግረዋለን አለና ከአፋቸው መፋቂያውን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። በውሉ መሠረት ዛፉ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ሳይሞላ አንድ ጭራሮ አይነካም።

ቤቱን የገበሬ ቤት ማስመሰል ሁለት ሰዓት ፈጀ። በወር ሠላሳ ሁለት ሺህ ሽልንግ የሚከራይ ባለፎቅ ቤት በቀላሉ አይደኸይም። ቴሌቪዥኑ ፎቅ ወጣ፤ ሶፋው በደረጃው አላልፍ ስላለ አንሶላ ለበሰ፤ ማቀዝቀዣው በመጋረጃ ተሸፈነ፤ ሲንቀጠቀጥ ግን መጋረጃውም አብሮት ይንቀጠቀጣል። ሕዝቅያስ ከሱፐርማርኬት አዲስ ዶማና የላስቲክ ቦት ጫማ ገዝቶ ነበር። ዶማው ላይ የተለጠፈውን የሦስት መቶ ሰማንያ ሽልንግ ዋጋ በጥፍሩ ሲፍቅ ግማሹ አልላቀቅ አለው፤ ከረባቱን ወደ ትከሻው ጥሎ ጎንበስ አለና ዶማውን ጭቃ ቀባው። ቦት ጫማው ሁለት ቁጥር ይሰፋል፤ ወይዘሮ አያልነሽ ሲቆሙ ጫማው ገና ይመጣል። ምርቃት ልብስ ስታመርጥላቸው ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። እሳቸውም እጃቸውን እንደ ሕፃን ዘርግተው ቆሙላት፤ አለበሰቻቸው። በመጨረሻ ሕዝቅያስ ከመንገድ ዳር የገዛውን ድስት አመጣ፤ ኬንያውያን ጊዘሪ የሚሉት የተቀቀለ በቆሎና ባቄላ ነው። ወይዘሮ አያልነሽ ክዳኑን ከፍተው አዩ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

የአገሩ ገበሬ ምግብ መሆኑን፣ እንግዳው ይህን ቢያይ ደስ እንደሚለው ተነገራቸው። በቁሙ ለመጣ እንግዳ ንፍሮ አላቀርብም ብለው ከመጋረጃው ኋላ ዶሮ አወጡና በቦት ጫማቸው ወጥ ሊሠሩ ገቡ። ሕዝቅያስ ሊከራከር አሰበ፤ ግን ገና ከልጅነቱ ጀምሮ በምግብ ጉዳይ አሸንፏቸው አያውቅም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ መኪናው ከሞምባሳ መንገድ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ። እንግዳው ሃልቮርሰን ይባላል፤ በጣም ረጅም ስለሆነ ከጓሮው በር ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ደግ ሰው ነው፤ ደግ ባይሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ይቀል ነበር። ከኋላው ያልተጠበቀ ሰው ተከተለ። እዚያው ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ የሚኖር፣ ለሃልቮርሰን ድርጅት ሒሳብ የሚመረምር ሚልኬሳ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። "እንደምን አደሩ እናቴ" ሲል የሕዝቅያስ ፊት አመድ መሰለ። ወይዘሮ አያልነሽ ግን ደስ አላቸው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት፣ የነቀምቴ ልጅ መሆኑን ሰሙ፣ አገላብጠው ሳሙት። ሃልቮርሰን የኬንያ ገበሬና የሱ መርማሪ እንዴት በአንድ ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ገርሞት ጠየቀ። ሕዝቅያስ ከድንበሩ አካባቢ የመጣች ናት አለ፤ ደብረ ብርሃንና ሞያሌ ጎረቤት ሆኑ። ሚልኬሳ ሳል ሳል አደረገው። የአገሩን ልጅ በፈረንጅ ፊት ማዋረድ አይሆንለትም፤ ይሉኝታው ይይዘዋል። አንተው አስተርጉም ብሎ ሕዝቅያስን ለቀቀውና የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ከዳር ተቀመጠ።

ሃልቮርሰን በመጀመሪያ ግንዱን በሜትር ዞሮ ለካና በመነጽሩ ላይ አሻግሮ እያየ ጻፈ። ከዚያ መሬቱ ምን ያህል እንደሆነ ጠየቀ። ወይዘሮ አያልነሽ ከአጥሩ እስከ ልብስ ማስጫው ገመድ በእጃቸው አሳዩት፤ ሕዝቅያስ ማሳው ጠባብ ነው ብሎ ተረጎመ። ዛፉ በሕይወትሽ ምን ለወጠ ሲባሉ፣ ጥርሴ አልተነቀለም አሉ፤ ሕዝቅያስ ለጤና ጠቅሟታል አለ፤ ይኼ እንኳን እውነት ነው። ግራ ጎኑ ለምን ተመለጠ ሲባል፣ እኔ ነኝ አሉ፤ ሕዝቅያስ ንፋስ ነው አለ። በየመሀሉ ከሰፈሩ አጠገብ ካለው ከዊልሰን ማረፊያ የሚነሱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ከጣሪያው በላይ ሲያልፉ ሁሉም ዝም ይላል፤ ሕዝቅያስ የሚለውን የሚያስበው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻ ከዛፉ በሚያገኙት ገንዘብ ምን ሊያደርጉ እንደሚያስቡ ተጠየቁ። ወይዘሮ አያልነሽ ገንዘብ እንደማይፈልጉ፣ ዓይኑ እየጠፋ ያለ ወንድም እንዳላቸው፣ የሐሙስ ቲኬት እንደያዙ፣ ከዚህ ሌላ ምኞት እንደሌላቸው ቀስ ብለው ተናገሩ። ሕዝቅያስ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ላም ልትገዛ አስባለች አለ። ሚልኬሳ ከብርጭቆው ቀና አለና ላሚቱ የት እንደምትቆም የሚፈልግ ይመስል ጓሮውን ዞር ዞር ብሎ አየው።

ከዚያ ውሉ ወጣ። ሃልቮርሰን ከመፈረሙ በፊት የልቡን መናገር ፈለገ። ስምንት ዓመት በብዙ አገር ዞሯል። ዛፍ ሲተከል ያያል፣ ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ሲመለስ ከሰል ሆኖ ያገኘዋል። ልጡን የሚፈልግ ልጦ ያደርቀዋል፤ ገበሬው ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ይሸጣል። ጢሱ ግንዱ ውስጥ የሚቀመጠው ዛፉ ከቆመ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህችን ዛፍ ሠላሳ ዓመት ይጠብቃሉ? ሕዝቅያስ ይህን በትክክል ተረጎመው፤ በዓይኑም እሺ በይ ይላቸው ነበር። ወይዘሮ አያልነሽ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። እስካሁን ቀልድ መስሏቸው ነበር። ዶማ መያዝ ቀልድ ነው፣ ጫማውም ቀልድ ነው፤ ውል ግን ውል ነው። የሰውዬው ፊት ደግሞ የሚለምን ሰው ፊት ነበር፤ ዋሽተው ሊሸኙት አልሆነላቸውም።

"ሠላሳ ዓመት ዕድሜ የለኝም" አሉ። "ያለ ዋስ አልፈርምም።"

ሕዝቅያስ አውሮፕላን ጠበቀ፤ አልመጣም። እሺ ብላለች አለ።

ሚልኬሳ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። በጣም በትሕትና፣ አንዲት ነገር ሳትተረጎም ቀረች ብሎ በእንግሊዝኛ ያስረዳ ጀመር። ቀላል አልነበረም። እኛ አገር የቤት ሠራተኛ ሲቀጠር ዋስ ይጠራል፣ ገንዘብ ያዥ ሲሾም ዋስ ይጠራል፣ የታሰረ ሰው ሲፈታ ዋስ ይጠራል፤ ይህን ለኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሃልቮርሰን ግን ግማሽ ሰዓት ወሰደ። የፈረመው ቢሞት፣ ቢጠፋ፣ አገር ጥሎ ቢሄድ፣ ዋሱ በሱ ቦታ ይቆማል፤ ሲጠራ ይቀርባል፤ በንብረቱም በራሱም ይጠየቃል። ሃልቮርሰን ሲሰማ ሲሰማ ቆይቶ ከወንበሩ ተነሳ። በስምንት ዓመት ስብሰባ ያላገኘውን ነገር አንዲት ገበሬ በላስቲክ ጫማ ነገረችኝ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዋሷ ማነው ብሎ ጠየቀ።

ወይዘሮ አያልነሽ ጫማውን እየጎተቱ ሄዱና የሕዝቅያስን ክንድ ያዙ። እጁን አንስተው የእንግዳው መዳፍ ላይ አኖሩት።

"ይሄ ነው ዋሴ" አሉ። "ብሞትም፣ ሐሙስ አገሬ ብሄድም፣ እኔን በሱ ያግኙኝ።"

ሚልኬሳ አንድም ቃል ሳያስቀር ተረጎመ፤ ሐሙስን ጨምሮ። ሃልቮርሰን ገበሬዋ መሄዷ ቅር አላሰኘውም፤ እንዲያውም ዋስ የሚሠራው በዚህ መሆኑን በዓይኑ ሊያይ ነው። ሕዝቅያስ በዝቅታ፣ እቴቴ ምን እያደረግሽኝ ነው አላቸው። ፈርም አሉት። እምቢ ማለት ይችል ነበር? አምስት መቶ ገበሬዎችን ሠላሳ ዓመት ፈርሙ ሲል የከረመው እሱ ነው፤ ለራሱ ሲሆን ሠላሳ ዓመት በዛ ሊል ነው? እንግዳው ደግሞ እጁን አለቀቀውም። ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ ክብር ነው አለ፣ ፈረመ። ሚልኬሳ በውሉ ኅዳግ ላይ ዋስ ማለት ምን እንደሆነ በእጁ ጽፎ የፓስፖርት ቁጥሩን አስሞላው። ከዚያ ፎቶ ተነሱ፤ ገበሬዋ ዶማዋን፣ ዋሱ ዛፉን ይዞ።

ምሳ ላይ ሃልቮርሰን ዶሮውን በእጁ በላ፤ በርበሬው ቢያቃጥለውም ላቡን እየጠረገ ጨመረ። በጣም ደስ ብሎት ስለነበር ላደረገለት ሰው ሁሉ ውለታ መመለስ ፈለገ። ሕዝቅያስ ወደ ሮም ሊዛወር እንደነበር ሰምቷል፤ አሁን ግን ከዛፉ መለየት እንደማይፈልግ ይገባዋል፤ ዛሬውኑ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሆኖ ይጽፋል፣ ናይሮቢ ላይ የሥራ ዘመኑን ያራዝሙለታል። ምርቃት የጎረሰችውን ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ሲለያዩ እንግዳው ለወይዘሮ አያልነሽ የሐሙስ መንገድ ደህና ይሁን ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ሚልኬሳ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ተሰናበታቸው፤ ሕዝቅያስን ደግሞ በነሐሴ ዛፉን የምለካው እኔ ነኝ፣ እንገናኛለን አለው።

ከሰዓት በኋላ ሶፋው አንሶላውን ተገፈፈ፤ ቴሌቪዥኑን ግን ለማውረድ ጉልበት ያለው ጠፋ። ምርቃት ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስታየው ዋለች፤ ሳትደውል ቀረች። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብዱልፈታ ቧንቧውን የሚያይ ሠራተኛና አንድ መጋዝ ይዞ መጣ። ሕዝቅያስ በሩጫ ወጣ። ወይዘሮ አያልነሽ ከክፍላቸው ሆነው ሰሙት፤ በስዋሂሊ ይለምናል፣ በእንግሊዝኛ ይለምናል፣ ቧንቧውን በየዓመቱ እኔ አሠራልሃለሁ ይላል፣ ስለ አየር ንብረት ያስረዳል። አብዱልፈታ ስለ አየሩ ግድ አልነበረውም። በመጨረሻ ኪራዩ ላይ ሁለት ሺህ ጨምሮ መጋዙን ይዞ ሄደ። ሕዝቅያስ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ ትንሽ ቆመ፤ የኬንያ ዛፍ ጠባቂ መሆኑን ገና ያኔ አመነ።

ሲመሽ እሳቸው ክፍል ገባ። ክፍሉ ድሮ የዕቃ ቤት ነበር፤ አንድ አልጋና አንድ ሻንጣ ከያዘ በኋላ ለሰው የሚተርፈው ቦታ የአልጋው ጠርዝ ነው። እዚያ ተቀመጠ። እሳቸው ልብስ ያጥፋሉ፤ እሱ የታጠፈውን ያያል።

"ሠላሳ ዓመት እኮ ነው እቴቴ" አለ። "ሰባ ሦስት ዓመት ይሆነኛል።"

ወይዘሮ አያልነሽ ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። እሱ ለትምህርት ሆላንድ ሲሄድ፣ ተመልሶ ለማገልገሉ አገር ቤት የነበረው መሥሪያ ቤቱ ዋስ ጥራ ብሎት ነበር። እናቱ የሞተችበት ልጅ ማንን ይጠራል? አሁን ባንታየሁ የሚኖርበትን የደብረ ብርሃን ቤት አስይዘው እሳቸው ፈረሙ። ልጁ ሁለት ዓመት ብሎ ሄደ፤ ትምህርቱን ጨርሶ ናይሮቢ ቀረ። በየሦስት ወሩ ተጠርተው መሥሪያ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ይመጣል አሉ፤ አለቃው ሲቀየር ለአዲሱም ይመጣል አሉ። ቤቱ ሊሸጥ ጨረታ እስኪወጣበት ደርሶ፣ መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ሲቀይር ፋይሉ ጠፋና ዳኑ። ይህን እሱ ጠይቆ አያውቅም፤ እሳቸውም ነግረውት አያውቁም። አሁንም አልነገሩትም።

"እኔ ላንተ ስፈርም፣ ስንት ዓመት ነው ብዬ አልጠየቅሁም" አሉት።

ሕዝቅያስ አንገቱን ደፋ። እሳቸው ቀሚሱን አጥፈው ሻንጣው ውስጥ ከተቱና ሐሙስ ከቤት ስንት ሰዓት መውጣት እንዳለባቸው ጠየቁት። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራሱ እንደሚያደርሳቸው ነገራቸው፤ ከዚያ ያልታጠፈውን ልብስ አንስቶ ማጠፍ ጀመረ።